አፍ ይዞ ተራራ መሻገር

ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲያዞር የኖረ ሰው፣ ሚስቱ ጎን እንደ ዕቃ ተጭኖ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ብዙ አምልጧችኋል፤ ያሳዝናል፣ ያስቃልም። የኛ ሾፌር ያን ቅዳሜ ጠዋት የገዛ መኪናውን የተሳፋሪ በር ከፍቶ ሲገባ፣ ሰፈርተኛው በሙሉ በአጥር ቀዳዳ እያጮለቀ የሚያየው መስሎት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፋው። ማንም አላየውም። ሰፈሩ ገና አልነቃም ነበር።

ሰውዬው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከከተማው ተነስቶ ተራራውን ወጥቶ፣ ከተራራው ማዶ ወዳለው የወይን አገር የሚወርደው መስመር የእሱ ነበር። ተሳፋሪው «ጋሽ ክላክስ» ይለዋል። ኩርባ ሲያይ ክላክስ፣ ፍየል ሲያይ ክላክስ፣ የሚያውቀው ሰው ሲያይ ደግሞ ክላክሱን ተጭኖ መልቀቅ የለም። ዛሬ ግን ክላክሱም መሪውም በሚስቱ እጅ ናቸው።

ሚስቱም ጡረተኛ ናት፤ አዋላጅ ነርስ ነበረች። የከተማው ግማሽ በእጇ ነው የተወለደው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ወልደው፣ አሳድገው፣ ልጅ ድረው እንኳ አፉ ሌላ ስም አልለመደም። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በቅርቡ ነው፣ ያውም እሱ ሳይሰማ። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» እያለች ስትወጣ ለካስ ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ በርሜል ስትዞር ኖሯል! «እኔ ደግሞ ምነው ዘንድሮ ከገበያ ሽንኩርት ጠፋ እላለሁ» አለ ሾፌሩ፣ ነገሩ የወጣ ቀን።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እማማ ናቸው፣ የሲስተር እናት። ከረጢት ሙሉ ከረሜላ ጭናቸው ላይ አኑረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው የጉንዳን እርምጃ ይሰማል። የመጡት በዳኝነት ነው።

የምን ዳኝነት? የውርርዱ ነዋ! ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። ሐኪሙ አይቶት «ቀላል ነገር ነው አባቴ፣ ገፍፈን በዕለቱ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» ብሎ ቀጠሮ ሰጠው። ሾፌሩም «እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ፤ መውጣቱ ነው፣ አልተመለሰም። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር አንዴ ወገቡን ያመዋል፣ አንዴ ጉንፋን ይይዘዋል፣ አንዴ ለቅሶ ይደርሳል። የመጨረሻው ለቅሶ ጊዜ «ሞተ» የተባለው ጓደኛው ማታ ቤታቸው መጥቶ ሻይ ጠጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ፈርቶ ነው። ያ ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ አውቶቡስ ሲያዞር ቅንድቡን ያላነቃነቀ ሰው፣ ዓይኑ አጠገብ ብረት ሊመጣ ነው ብሎ ሲያስብ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ይከናነባል። ይህን ግን ለማን ይናገራል! ለሰው የሚለው ሌላ ነው፦ «እኔ ደህና አያለሁ፣ የዘንድሮ አምፖል ነው ብርሃን የሌለው።» የግቢያቸውን በር ምሰሶ በመኪና የገጨ ቀን ደግሞ «ይሄ ምሰሶ ያለ ቦታው ነው የቆመው» አለ። ምሰሶውን ያቆመው ራሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናው ቁልፍ ሲስተር ቦርሳ ውስጥ ገባ።

ልጃቸው በተራራው ማዶ፣ አንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ግቢ ውስጥ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ይዛ «ሂዱና ትንሽ አየር ቀይሩ» ስትላቸው፣ ሲስተር «እኔ እነዳለሁ» አለች። ሾፌሩ የጎረሰው ትን አለው። «ያን ተራራ? አንቺ?» «እኔ፣ ምን አለ?» «ኧረ በሕግ!» እሱ ጮኸ፣ እሷ ጮኸች፣ ከዚያ እማማ ከክፍላቸው ወጥተው ፈረዱ።

«ስማ ልጄ» አሉት። «እስከ መጥመቂያው በር ድረስ ስለ አነዳዷ አንዲት ቃል ካልተነፈስክ፣ ስለ ዓይንህ ማንም ደግሞ አያነሳብህም። እሷም አታነሳም፣ እኔም አላነሳም። ከተነፈስክ ግን ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ነህ፤ ወገቤን የለ፣ ጉንፋን የለ፣ የሞተ የለ።»

ሲስተር ትንሽ አሰበችና «ቃሌ ነው» አለች። ሲስተር ቃሏ ከሆነ ቃሏ ነው፤ ይህን ሾፌሩ አሳምሮ ያውቃል። ደስ ብሎት እጁን ዘርግቶ መታ። ግማሽ ቀን ዝም ማለት! ይሄም ሥራ ሆኖ! አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚለውን ረስቶታል።

ከተማው እስኪያልቅ ደህና ሄደ። ዳገቱ ሲጀምር መከራው ጀመረ። ሲስተር መኪናዋን የምታናግረው ምጥ እንደያዛት ሴት ነው።

«አይዞሽ የኔ እናት! በርቺ! ትንሽ ነው የቀረሽ!» ትላለች፣ መሪውን እየዳበሰች። መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ ታቃስታለች። «እንዲያ ነው፣ ተንፍሺ፣ አሁን አትግፊ፣ ቆይ…»

«ሁለተኛ! ሁለተኛ አስገቢ!» የሚለው ቃል ሾፌሩ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰነቀረ። ፊቱ ቀላ። አፉ ሊከፈት ሲል ከኋላ አንድ እጅ መጣና ከረሜላ አጎረሰው።

«ምጠጥ» አሉት እማማ።

«…አሁን ግፊ!» አለች ሲስተር፣ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሰችው፤ መኪናዋም እፎይ ብላ ዳገቱን ያዘች።

«ወንድ ነው ሴት?» አሉ እማማ ከኋላ። ሲስተር ስትስቅ መሪው ትንሽ ወደ ገደሉ ዘመም አለ፤ ሾፌሩ ደግሞ በቀኝ እግሩ የመኪናውን ወለል እስኪቀደድ ረገጠው። እዚያ ፍሬን የለም። ፍሬን እንደሌለ ያውቃል። እግሩ ግን አያውቅም።

«እማዬ፣ እግሩን እዪልኝ! ፍሬን ያዝ እያደረገ ነው፣ ይሄ አይቆጠርም?»

«ውርርዱ በአፍ ነው!» አለ ሾፌሩ ከረሜላውን ወደ ጉንጩ ገፍቶ። «እግር አፍ የለውም።»

እማማ ጉዳዩን መረመሩ። «እውነቱን ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። «እግር አይመሰክርም። ግን ልጄ፣ አደራህን ወለሉን በስተህ እንዳትወርድ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ወጡ። አንድ ኩርባ ላይ ሾፌሩ «እ—» ብሎ ጀመረና እማማ ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ «—ንጥስ!» ብሎ አስነጠሰ። ሐሰተኛ ማስነጠስ ነው፣ ሕፃን እንኳ አይታለልም፤ ግን ዳኛዋ በበቂ ማስረጃ ካልሆነ አይፈርዱም። ከረሜላ ብቻ ጨመሩለት። ተራራው አጋማሽ ሲደርሱ ሁለቱም ጉንጮቹ አብጠው ነበር።

አናቱ ሲቃረብ ፀሐይ ፊት ለፊታቸው ሆነች፤ ያን ጊዜም ጉሙ መጣ።

ሾፌሩ ይህን ጉም በደንብ ያውቀዋል። ድሮም በዚህ ወቅት እዚህ ቦታ ላይ እየጠበቀ ይዘጋበት ነበር። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ መንገዱን ከገደሉ አንድ ያደርገዋል። መስኮቱን ቢያይ ነጭ፣ ፊት ለፊት ቢያይ ነጭ። እንዲህ ሲሆን ሾፌር የሚባል ፍጡር ሁሉ መብራት ያበራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ክላክስ ያሰማል፣ አምላኩን ይጠራል። ሲስተር ምን አደረገች? ዘፈን አንጎራጎረች!

«መብራት!» ብሎ ሊጮህ ፈለገ። «መብራት አብሪ አንቺ ሴትዮ!» ምላሱን ነከሰ።  ይባስ ብላ ፍጥነት ጨመረችና አንድ የጭነት መኪና እያጓራ በጎናቸው ወደ ኋላ ቀረ። ቀድማው አለፈች ማለት ነው! በዚህ ጉም! እማማም ዳኛ ሆነው ዝም ብለዋል፤ ጭራሽ የከረሜላ ወረቀት ሲያንኮሻኩሹ ይሰማዋል። ሦስታችንም ማለቃችን ነው አለ በልቡ። ከተናገርኩ ሰኞ ቢላ፣ ዝም ካልኩ ዛሬ ገደል።

ገደሉን መረጠ። እስቲ የሰውዬውን ፍርሃት ገምቱት! የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ እያቀላቀለ ደገመ። መኪናው ሲቆም ሞተው ይሁን ደርሰው ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት።

«ደረስን፣ አናቱ ላይ ነን» አለች ሲስተር። «ውረዱና እግራችሁን አፍታቱ።»

የተራራው አናት ላይ፣ መኪናዎች ቆመው የሚያርፉበት በድንጋይ አጥር የተከበበ ሜዳ አለ። ሾፌሩ በደመ ነፍስ ወርዶ አጥሩን ተደገፈ።  ሲስተርና እማማ ከጎኑ መጥተው ቆሙ፣ ወዲያውም አገሩን ማድነቅ ጀመሩ።

«ወይኔ፣ እዪ እማዬ፣ ያ ሁሉ ተራራ! አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ!»

«ወንዙስ? ኧረ የወንዙን መታጠፍ እዪው። የወይኑን እርሻ ተመልከች፣ እንደ ተሠራ ሹሩባ እኮ ነው!»

ሾፌሩ ሁለቱንም ታዘበ። ሴት ሲባል አለ በሆዱ፣ በወሬ ተራራ ትሠራለች። ደግነቱ ይሄ ስለ አነዳድ አይደለም፤ መናገር ይችላል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚህ ድረስ መጥተን ዝም ብለን ከምንወርድ» አለ፣ «ጉሙ እስኪገፈፍ ትንሽ ብንጠብቅና ብናየው ምን ይለናል?»

እማማ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩ። 

«የምን ጉም?» አሉ እማማ።

«ይሄ ጉም ነዋ!»

«አንተ ልጅ ጤና የለህም እንዴ? ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው። ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ደርሷል፣ አንተ…»

«እማዬ» አለች ሲስተር ቀስ ብላ። 

ሾፌሩ «ሃ ሃ! ቀልዴን እኮ ነው» አለ። ከእሱ በቀር የሳቀ የለም። እጁን ወደ ፊቱ አንስቶ ፀሐይዋን ፈለጋት፤ ግንባሩን ታቃጥለዋለች፣ እውነት ናት፣ አለች። ጉም ያቃጥላል እንዴ? አያቃጥልም። ከተማ ውስጥ እያለ ይህን ያህል መሆኑን አላወቀም ነበር፤ ቤቱንም መንገዱንም በልምድ ነበር የሚያያቸው። እዚህ ብርሃኑ ሲበረታ ያለ የሌለውን ነጭ አደረገበት። ጉሙ ተራራው ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነበር። 

ሲስተር ያኔ ልጃገረድ ሳለች በወይኑ አገር ጤና ጣቢያ ነበር የምትሠራው፤ በየሳምንቱ በእሱ አውቶቡስ ትመላለሳለች፣ ከኋላው ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ። እዚህ ቦታ ሲደርሱ «እየው እስቲ፣ እባክህ አንዴ ብቻ ዞር በል» ትለው ነበር። እሱም «ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው ሲስተር፤ ጡረታ ስወጣ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ» ይላት ነበር። ይኸው ጡረታ ወጣ። ቁጭ ብሎም መጣ።

«አላልኩህም?» የሚለው ቃል ሲስተር አፍ ላይ እንዳለ ያውቃል፣ ግን አላወጣችውም። ክንዱን ያዘችና ጣቱን እንደ ሕፃን ጣት ዘረጋችው። «እዚህ ጋ ወንዙ ነው» አለችው። «እዚህ ጋ ሲታጠፍ ድልድዩ አለ። ከድልድዩ ወዲያ ወይኑ ይጀምራል፣ መስመር መስመር ሆኖ ሽቅብ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ባለ ቀይ ጣሪያ ቤት አለ፣ መጥመቂያው እሱ ነው።» ጣቱን እያዞረች አገር ምድሩን አሳየችው። እሱም «እሺ፣ እሺ» እያለ ሰማ። ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረው ነገር አሁን ማርሽ አልነበረም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከረሜላ አላስፈለገውም።  አየሩ ሞቅ እያለ መጣ፣ በመስኮቱ የአፈርና የበሰለ ወይን ሽታ ገባ። እግሩ እንኳ ወለሉን መርገጥ ተወ።

«ዝምታው በዛ» አሉ እማማ። «ተኝቷል እንዴ? የተኛ አፍ አይቆጠርለትም፣ ልንገርህ።»

«ነቅቻለሁ እማማ።»

ሜዳው ላይ ደርሰው መንገዱ ቀጥ ሲል፣ ሲስተር ድንገት ክላክሱን ሁለት ጊዜ አንባረቀችው። ሾፌሩ ጣሪያውን በኮፍያው መታው። ኩርባ የለም፣ ከፊት የሚመጣ ነገር አይሰማም፣ ፍየል የለም!

«ምነው ደነገጥክ?» አለችው። «እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። አንተ ሁልጊዜ ታደርግ አልነበር? የመንገዱ ሕግ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።»

«ሕግማ ሕግ ነው» አሉ እማማ።

ሾፌሩ ጆሮው ጋለ። የመንገድ ሕግ አይደለም። ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቢያስረዳ ደግሞ ስለ አነዳድ ሊቆጠርበት ነው። እዚያው እንደተቀመጠ ከወይኑ መሃል የሴት ድምፅ እየሮጠ መጣ። «ጋሽ ክላክስ! ጋሽ ክላክስ ነህ? በሕይወት አለህ እንዴ!»

ሲስተር መኪናዋን አቆመች። ሾፌሩ መስኮቱን አወረደ፤ ብዥ ባለው አረንጓዴ መሃል እጇን ዘርግታ የቆመች ሰው ታየችው። ኮፍያውን አንስቶ አጎንብሶ እጅ ነሳ። «እንዴት ነሽ የኔ እመቤት! አንቺማ ጭራሽ አልተለወጥሽም፣ እንደውም ቀጠን ብለሻል!»

«ኧረ በዚህ ነኝ!» አለች ሴትዮዋ በሲስተር መስኮት በኩል። «እሱ የወፍ ማስፈራሪያ ነው!»

እማማ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩና አልቻሉም፤ ከረጢታቸው ተገልብጦ ከረሜላው ወለሉ ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ የመንገድ ዳር ወይን ሻጭ ናት፣ ድሮም አሁንም። ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ጨዋታዋን ያዘች፣ መሪው ላይ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ።

«እንግዲህ ንገረኝ፣ ያቺን ነርስ አገባሃት ወይስ አመለጠችህ?»

«የትኛዋን ነርስ?» አለች ሲስተር፣ ድምጿን አለስልሳ። ሾፌሩ ይህን ልስላሴ ያውቀዋል፤ መርፌ ከመውጋቷ በፊት የምትናገርበት ድምፅ ነው።

«የጤና ጣቢያዋን ናታ! ኧረ የሱ ነገር! ሁለት ጊዜ ክላክስ ሲያደርግ እኔ ደህና ደህናውን ዘለላ መርጬ፣ እንዳታየው በወረቀት ጠቅልዬ እሮጣለሁ፤ እሱ በመስኮት ተቀብሎ ከመቀመጫው ሥር ይደብቃል። ‹ለምን በእጅህ አትሰጣትም አንተ ሰው?› ስለው ‹አፍራለሁ! ተሳፋሪ ረስቶት ወረደ ብዬ ነው የምሰጣት› ይለኝ ነበር።»

 ሾፌሩ ኮፍያውን እንደገና ደፋ፤ ቢችል ኖሮ ራሱም ኮፍያው ውስጥ ይገባ ነበር።

«ተሳፋሪ ረስቶት ወረደ!» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «እኔ እኮ… እኔ እኮ ለዚያ ሰው አዝኜለት! በየሳምንቱ ወይን እየገዛ አውቶቡስ ውስጥ የሚረሳ፣ ምን ዓይነት የተረገመ ሰው ነው ብዬ! ጸሎት አድርጌለታለሁ! ‹አምላኬ ለዚያ ምስኪን ልብ ስጠው› ብዬ!»

ከዚያ ሳቋ መጣ። ሾፌሩ ይህን ሳቅ ያውቀዋል። አፍንጫዋ ይሸበሸባል፣ ዓይኗ ይጠፋል፣ አገጯ ወደ ላይ ይሄዳል። ያኔ «ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው» ሲላት ውሸቱን ነበር፤ ግማሹ ዓይኑ ከራሱ በላይ ባለው መስታወት ላይ ነበር፣ እሷ ስትስቅ ለማየት። ተራራውን ሳያየው የቀረው ለዚያ ነው። አሁንም ቶሎ ብሎ ዞረ። ሳቁ አለ፣ ፊቷ የለም። ነጭ ነገር ብቻ ነው፣ ነጩ ውስጥ ደግሞ የሚያውቀው ድምፅ ይፍለቀለቃል። 

ሻጯ ትልቅ ዘለላ በሲስተር ጭን ላይ አኑራ ሸኘቻቸው። የመጥመቂያውን አቀበት ያዙ። እማማ ከወለሉ ላይ ከረሜላቸውን ለቃቅመው፣ ለሾፌሩም አንድ አጉርሰው ተነፈሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አዘንኩልሽ፤ ረታሽ» አሉ። «በሩ ያውና ይታየኛል። ሰኞም ቀረ፣ ሐኪሙም ቀረ። ደግመን ብናነሳበት ነውር ነው።»

«ቃሌ ነው» አለች ሲስተር። ሳቁ ከድምጿ ወጥቶ ነበር። «አላነሳበትም።»

አታነሳማ! ሾፌሩ ያውቃታል። ክንዱን እየያዘች፣ ጣቱን እየዘረጋች፣ «እዚህ ጋ ወንዙ ነው» እያለች፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳትናገር ዕድሜ ልኩን ትመራዋለች። እሱም እያሸነፈ ይኖራል። ቢላው አሁንም ያስፈራዋል፤ አልቀነሰም። ግን እንዲህ ያለው ማሸነፍ ይበልጥ አስፈራው።

መኪናው ለመታጠፍ ቀስ አለ። ሾፌሩ የጉንጩን ከረሜላ በመስኮት ተፋ።

«ሲስተር!»

«አቤት።»

«ፍሬቻ አላበራሽም! ስትታጠፊ ፍሬቻ አይበራም እንዴ? ማን ነው ያስተማረሽ? ማርሹንም ዘግይተሽ ነው የቀየርሽው፣ ከጠዋት ጀምሮ! መሪውን ደግሞ እንደተወለደ ሕፃን ነው የታቀፍሽው፣ አይወድቅም እኮ! ክላክስ ያለ ቦታው ታደርጊያለሽ፣ የጭነት መኪና በዳገት ትቀድሚያለሽ፣ እኔ እንዲህ ያለ አነዳድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!»

«ተናገረ!» ብለው ጮኹ እማማ። «ኧረ ተናገረ! ያን ሁሉ ከረሜላ በልቶ፣ ያን ተራራ አፉን ይዞ ወጥቶ፣ በሩ ላይ! ምን ነበር ትንሽ ብትታገስ!»

ሲስተር መኪናዋን ከበሩ ፊት አቆመችው። ሞተሩን አጠፋች። ጸጥ ሲል፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ፍሬቻው በርቷል እኮ» አለችው። «አልሰማኸውም?»

«ሰምቼዋለሁ» አለ ሾፌሩ።

እማማ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ፍርዱ ተሰጥቷል፣ ይግባኝ የለውም። ሾፌሩ እጁን ሰደደና የሲስተርን እጅ መሪው ላይ አገኘው።

«ፈርቻለሁ» አላት። «ወገቤን አሞኝ አያውቅም፣ ጉንፋንም አልነበረም። ፈርቼ ነው። አሁንም በጣም ነው የምፈራው። ግን ቅድም ስትስቂ ዞሬ አጣሁሽ።»

 ሲስተር አፍንጫዋን ስትስብ ሰማት።

«እያለቀስሽ ነው?»

«ኧረ እየሳቅሁ ነው።»

«ውሸትሽን ነው። እማማ፣ እያለቀሰች ነው?»

«እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ምስክር አይደለሁም» አሉ እማማ፣ የራሳቸውንም ፊት በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ግድ የለም» አለ ሾፌሩ። «ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቴ ቁሚ። የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ራሴ አያለሁ።»

«እሺ» አለች ሲስተር። «እቆማለሁ።»